ከፋይ ልብሷን እስክታወልቅ

ብዙ መሥራት የሚችል እጅ ዘወትር ይመሰገናል፤ ምንም ሳይሠራ መቀመጥ የሚችል እጅ ግን ከዚያ ይልቅ ብርቅ ነው። የልብስ ሰፊዋ እጅ ከፊተኛው ወገን ነበረ። በመንገድ ስትሄድ የማታውቀውን ሰው ኮሌታ ታቃናለች፤ ሰው ቤት ተጋብዛ ስትቀመጥ የመጋረጃውን ጫፍ ገልብጣ ዘምዘማውን ትመረምራለች፤ ታማ ሐኪም ዘንድ በቀረበች ጊዜ እንኳ፥ ሐኪሙ ደረቷን ሊያዳምጥ ሲያጎነብስ፥ የላላ ቁልፉን ይዛ «ቆይ፥ መጀመሪያ እኔ ልጨርስ» ብላዋለች። የስፌት ቤቱ ሠራተኞች ዞር ስትል «እትዬ እርማት» ይሏታል። እርሷም ትሰማለች፤ ስሙን ግን እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች።

ለዚህች ሴት የእኅቷ ልጅ ከሥራ ሁሉ የከበደውን ሥራ ሰጠቻት፤ አለመንካትን።

ልጅቱን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። መርፌ መያዝ ያስተማረቻትም እርሷ ናት፤ ከስፌት ቤቱ ያስኰበለለቻትም፥ ሳታስበው፥ እርሷው ናት። ልጅቱ የሰፋችውን ሁሉ አክስት ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች ትፈታዋለች፤ ፈትታም መልሳ ትሰፋዋለች። አንድ ቀን ልጅቱ በገዛ እጇ የዘመዘመችውን ቀሚስ ደንበኛዋ ለብሳ ልትወጣ ስትል፥ አክስት በር ላይ ደርሳባት፥ ተንበርክካ፥ ጫፉን ስትተረትር ልጅቱ አየች። ብዙም ሳትቈይ ሌላ ከተማ ወዳለ የመጋረጃ ፋብሪካ ሄዳ ተቀጠረች። ምክንያቷን የጠየቃት ሰው ቢኖር፥ «መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው፤ የሚታረም ነገር የለውም» ትል ነበር።

የፋብሪካው ማደሪያ እንስሳ አያስገባም። ስለዚህ ልጅቱ ከመሄዷ በፊት አንድ የመስተዋት ሣጥን ተሸክማ መጣችና ከጨርቅ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። በውስጡ የሰው መዳፍ የምታህል፥ ታራንቱላ የምትባል ሸረሪት ነበረች፤ ጠጕሯ እንደ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ስለሚያብረቀርቅ «ከፋይ» ብላ ሰይማታለች።

«እኔን እንድትበላኝ ነው ያመጣሽልኝ?» አለች አክስት።

«ፌንጣ ነው የምትበላው አክስቴ። አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ አትታኘኪም።»

«ምን ላድርግላት ታዲያ?»

«ውኃዋን ሙይላት፤ አልፎ አልፎ ፌንጣ ጣይላት፤ የቀረውን ተያት። በቅርቡ ቆዳዋን ትቀይራለች። ያኔ ገላዋ እንደ እርጎ ነው፤ በጣት ጫፍ ብትነኪያት እንኳ ትሞትብኛለች። ሊነካት የሚገባ ሰው የለም። በተለይ አንቺ።»

«በተለይ እኔ፤» አለች አክስት፥ በመንገድ ላይ የተሰደበች ያህል ቀና ብላ። «ብተዋትስ? ሳልነካ ብተዋት ምን ታደርጊልኛለሽ?»

ነገሩን በቀልድ ነበር የጀመረችው። ልጅቱ ግን ሣጥኑን እያየች፥ «እመለሳለሁ» አለች። «ምንም ሳትነኪያት ልብሷን ከቀየረች ተመልሼ ካንቺ ጋር እሠራለሁ። ከነካሻት ግን መጋረጃዬን እሰፋለሁ።»

ልጅቱ እንዳትሄድ አክስት ስንት ጊዜ በልቧ እንደምትለምን፥ በአፏ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እንደማትል፥ በቤቱ የማያውቅ አልነበረም።

«ነክቼስ አልነካሁም ብልሽ?» አለች አክስት።

«አትዪኝም። ብትዪኝም እጅሽ ያሳብቅብሻል።»

ይህ እውነት ነበረ። ከፋይ ሰው ሲያስቸግራት የኋላ እግሮቿን ወደ ሆዷ ትልክና ጠጕሯን እየፋቀች ትበትንበታለች፤ ያ ጠጕር የነካው እጅ ቀይ ሽፍታ ያወጣል፥ ለብዙ ቀንም ያሳክካል። አክስት ይህን በትምህርት ሳይሆን በመከራ አወቀችው። ልጅቱ በሄደች ሰሞን፥ የውኃው ሰሐን ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር ትክክል አለመሆኑ እንቅልፍ ነሣትና፥ እጇን አስገብታ ልታቃናው ሞከረች። ሰሐኑ ተቃና። እጇ ግን አበጠ። ልጅቱ በቪዲዮ ስትደውል አክስት ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ግራ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ካውያ ላይ ነው።»

«አክስቴ።»

እጁ ታየ። ልጅቱ አልተቈጣችም፤ «ልብሷን መቀየር ሳትጀምር ስለ ሆነ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ሁለተኛ ግን የለም።» የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፥ ሠራተኞቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሸረሪቷ እድሜ በየልባቸው መስጋት ጀመሩ።

ሠራተኞቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ቈራጩ ነው፤ ከአክስት ጋር በወጣትነት ሥራ የጀመረ፥ መቀስ ሲይዝ እንደ መስመር ቀጥ የሚል፥ መርፌ ሲይዝ ግን የሚያሳፍር። ሁለተኛዋ ተኳሿ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ካውያና እንፋሎት መካከል የምትኖር፥ ከእንፋሎቱ ጋር ቀልድ የምትተፋ ወጣት።

ወቅቱ እየደረሰ ሲሄድ ምልክቶቹ ታዩ። መጀመሪያ ከፋይ ፌንጣዋን አልበላም አለች። አክስት ይህን እንደ ንቀት ቈጠረችው።

«ያው እንደ አሳዳጊዋ ናት» አለች። «ያቀረቡላትን አትቀበልም።»

«እትዬ፥ እኔ ብሆንም እግሩን የሚያወናጭፍ ምሳ አልበላም» አለች ተኳሿ። ይህን ብላ ግን በረጅም ወረንጦ ፌንጣውን አወጣችው፤ ለስላሳ ገላዋን እንዳይነክሳት ልጅቱ በስልክ አስጠንቅቃ ነበርና። የሣጥኑ ነገር ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተኳሿ ድርሻ ሆነ፤ አክስት ክዳኑን እንዳትነካ በራሷ ላይ ፈርዳለች።

ቀጥሎ ጥቁሩ ቀለሟ ደበዘዘ፤ አጥቢው እንዳበላሸው ጨርቅ ወደ ቡናማ አደላ። በሆዷ ላይ ጠጕር የሌለው ገላጣ ስፍራ ደግሞ በተቃራኒው እየጠቈረ እየተወጠረ ሄደ። አክስት መነጽሯን አድርጋ በመስተዋቱ በኩል መረመረችና ፍርዷን ሰጠች።

«ልብሷ ጠቧታል። ደረቷ ላይ ይስባል፤ ብብቷ ላይ ጨርሶ የለም። ይህን የሰፋላት ሰው የእድገት ትርፍ አልተወላትም።»

«ፈጣሪ ነዋ የሰፋላት» አለ ቈራጩ።

አክስት ጥቂት አሰበችና፥ «እንግዲያስ ምክንያት ይኖረዋል» አለች። በእርማት ታሪኳ ውስጥ የመጀመሪያዋ ማፈግፈግ ይህች ነበረች።

ከዚያ አንድ ጠዋት፥ ተኳሿ ቀድማ ገብታ ካውያዋን ስትሰካ ወደ ሣጥኑ ዞር አለችና እጇ ባለበት ቀረ። ከፋይ በዘረጋችው የድር ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፥ ስምንት እግሯን ወደ ላይ አንሥታ ነበር።

«እትዬ፤» አለች ቀስ ብላ፥ «እኛ አልነካናትም። ግን ሞታለች መሰለኝ።»

አክስት አየች። ፊቷ እንደ ገበር ጨርቅ ነጣ። ስልኩን አንሥታ ደወለች፤ ልጅቱ «ሃሎ» ሳትል፥ «በጀርባዋ ናት፤ አልነካኋትም፤ ሁለቱም እጄ ንጹሕ ነው፤ ላሳይሽ» አለቻት።

«አልሞተችም አክስቴ፤» አለች ልጅቱ፥ ከድምፅዋ ጀርባ የመኝታ ብርድ ልብስ ሲገለበጥ እየተሰማ። «ሸረሪት ስትሞት እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች። በጀርባዋ ከተኛች ልብሷን ልታወልቅ ነው። አውቶቡስ ተሳፍሬ መጣሁ። አደራ፥ ሣጥኑን እንዳታንቀሳቅሱት፥ አጠገቧም ምንም ነገር እንዳይንቀጠቀጥ። አደራ ደግሞ...»

«ዐውቃለሁ።»

«አደራ ደግሞ ልርዳት እንዳትዪ። ስትታገል ታያለሽ፤ የተያዘች ይመስልሻል። አልተያዘችም። እረፍት ላይ ናት።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሦስቱም ፊታቸው የተደቀነውን ነገር ተረዱ። መደርደሪያው የስፌት መኪኖቹ ከተቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ መኪና በተነሣ ቍጥር በሰሐን ያሉ ስፒሎች ይጨፍራሉ፥ ሣጥኑም ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ መኪና መንካት የለም። ያን ዕለት ደግሞ አንዲት ዳኛ ደንበኛቸው የችሎት ካባዋን ልትለካ ትመጣለች፤ የካባው ጫፍ ገና በስፒል ብቻ የተያዘ ነው፤ ዳኛዋ በማግስቱ ጠዋት ትለብሰዋለች። ይህ ራሱን የቻለ ጭንቅ ነበር፤ ከጭንቁ ሁሉ የባሰው ግን የአክስት እጅ ነው። ሳታዝዘው ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። በክዳኑ ላይ የሌለ አቧራ ሊጠርግ ይነሣል፤ እርሷ በሌላው እጇ ይዛ ትመልሰዋለች፤ መላሹ እጅ ደግሞ በተራው ይሄዳል።

«በጨርቅ እንሸፍናት» አለ ቈራጩ። ሸፈኗት። አክስት ጨርቁ የተጨማደደ መስሏት ልታቃናው ተነሣች። ገለጡት።

«ውጪ ዞር ዞር ብለሽ ነይ» አለ። ወጣች። ከመንገዱ ዳር ደርሳ ተመለሰች፤ ጭራሽ እየሮጠች።

«ኪስሽ ውስጥ ክተቺው።»

«ከኪስ ይወጣል» አለች አክስት፥ ስለ ልማደኛ ሌባ እንደምትናገር።

«እንግዲያማ እንስፋው» አለች ተኳሿ፥ ለቀልድ።

አክስት አልሳቀችም። እጅጌዋን ወደ ሽርጧ አስጠግታ ለካችና፥ «በምን ክር?» አለች።

ሁለቱ ሠራተኞች ተያዩ። ቀልድ መሆኑን ሊነግሯት ፈልገው ነበር፤ ዐይኗን ሲያዩ ግን መርፌ ፈለጉ። የሁለቱን እጅጌዎች ጫፍ ከሽርጧ ወገብ ጋር፥ ልብስ ለልኬት ሲዘጋጅ በሚያዝበት ልል የእጅ ስፌት ያያይዙት ጀመር። አክስት እየታሰረች ታዝዛለች።

«ክሩን አታጥብቀው፤ ጨርቁ ይኰማተራል። አንቺ፥ የቀኙ ከግራው ዝቅ ብሏል። ሰው አይቶ ምን ይላል?»

«ሰው እጅሽን ከሽርጥሽ ጋር ተሰፍቶ ካየ፥ የሚለው ስለ ዝቅታው አይደለም እቴ» አለ ቈራጩ። ጨርሶም ክሩን በጥርሱ ቈረጠና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሥራውን ተመለከተ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ኖሯል። አክስት ሲያስር ያየሁት ዛሬ ነው።»

ተኳሿ አፏን በእጅጌዋ አፈነች። የዕለቱ ሳቅ የተጀመረው በዚያች ሰዓት ነው፤ ድምፅ ማሰማት ክልክል ስለ ነበር ደግሞ መውጫ እያጣ በየሰው ሆድ ተጠራቀመ።

ዳኛዋ በሰዓቷ ደረሰች። ረጅም፥ ቀጥ ያለች፥ የችሎት ጸጥታ የለመደች ሴት ናት፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ጸጥታ ገጥሟት አያውቅም። መኪኖቹ ዝም ብለዋል፤ ቈራጩ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ይሄዳል፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት እንደ ድስት ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ ለጥፋ ቆማለች።

«እንደምን አደራችሁ?»

«እሽሽ» አሏት ሦስቱም።

ዳኛዋን ለብዙ ዓመት «እሽሽ» ያላት ሰው አልነበረም። ዐይኗን ጠበብ አድርጋ አክስትን መረመረች።

«እጅዎ ታስሯል?»

«ተሰፍቷል፥ ክብርት ዳኛ።»

«በማን ትእዛዝ?»

«በራሴ።»

«ምክንያት?»

አክስት በአገጯ ወደ መደርደሪያው አመለከተች። ዳኛዋ ዞረች፥ አየች፥ በልኬት ጊዜ ደንበኞች በሚቆሙባት በርጩማ ላይም ማንም ሳያግዛት ወጣች።

«ክዳን አለው?» አለች በሹክሹክታ።

«አለው።»

«ይቈለፋል?»

«የትም አትሄድም፥ ክብርት ዳኛ። ልብሷን እያወለቀች ነው።»

«ልብሷን የምታወልቅ ከሆነ፥ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ የምታዩአት በምን ሥልጣን ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። አክስት ነገሩን ከመሠረቱ ጀምራ አስረዳች፤ ስለ ልጅቱ፥ ስለ ተስፋው፥ ስለ እጇም ሳትደብቅ ተናገረች። ዳኛዋ ምስክር እንደምትሰማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። በመጨረሻ፥ «ካባዬስ?» አለች።

«በእጅ ይሰፋል። እነርሱ ይሰፉታል» አለች አክስት። «እነርሱ» የምትለው ቃል ከጉሮሮዋ ስትወጣ እንደ እሾህ ነበረች።

ካባው ወረደ፤ ዳኛዋ ለበሰችው፤ በስፒል ስለ ተከበበች ከበርጩማዋ መውረድም ሆነ መቀመጥ አልቻለችም። ቈራጩ በቀኝ፥ ተኳሿ በግራ ተንበርክከው ጫፉን ይዘመዝሙ ጀመር። አክስት በመካከላቸው ቆመች። አንድ ዐይኗ ሸረሪቷን፥ አንድ ዐይኗ የቈራጩን መርፌ ትጠብቃለች። የቈራጩ ስፌት፥ ከግብዣ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው፥ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይላል።

«አንተ፥ ክሩን...» ብላ ጀመረች።

«እጅሽን ሰፍተን አፍሽን ረስተናል» አለ ቈራጩ ቀና ሳይል።

«ክር ተርፏል ጋሼ» አለች ተኳሿ።

ዳኛዋ ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ስፒል ወጋት፤ ስፒሉ ሲወጋት ደግሞ ባሰባት። «አታስቁኝ፤ ደማሁ» አለች፥ እንባዋን በካባው ሰፊ እጅጌ እየጠረገች።

በዚህ መካከል ከፋይ ተንቀሳቀሰች። ሁሉም ባሉበት ደረቁ። በጎኗ በኩል ቀጭን ስንጥቅ ተከፈተ፤ የፊተኛው ገላዋ መሸፈኛ እንደ ቈርቈሮ ክዳን ለቀቀ፤ በስንጥቁም ውስጥ የወተት ቀለም ያለው አዲስ ገላ ብቅ አለ። ከዚያ ገፋ፥ ደግሞ እረፍት፥ ደግሞ ገፋ። እግሮቿን፥ እመቤት ረጅም ጓንት እንደምታወልቅ፥ ከአሮጌው ቆዳ ውስጥ ስምንቱንም ባንድነት ታወጣቸው ጀመር።

«በስፌቱ ላይ ነው የተፈታችው፤» አለች አክስት፥ ድምፅዋ ከአድናቆት የተነሣ ቀጥኖ። «አያችሁ? አንድም ቦታ አልተቀደደም። መቀስ የለ፥ ጣት የለ...»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ ቈራጩ። «ይቺ ደግሞ እግር ተርፏታል።»

«ግራ ነው የምትጎትተው ወይስ ቀኝ?» አለች ዳኛዋ፥ ከበርጩማዋ ላይ አንገቷን እያሰገገች። ሸረሪት መፍራቷን የት እንደ ጣለችው አልታወቀም። «ከዚህ አይታየኝም። በርጩማውን ወደዚያ ግፉልኝ። አይ፥ ተዉት፥ ይንቀጠቀጣል። ምን ደረሰች? አንድ ሰው ይንገረኝ እንጂ።»

«ሰባቱ ወጥተዋል፥ ክብርት ዳኛ» አለች ተኳሿ።

ስምንተኛው ግን አልወጣም። ከፋይ ገፋች፤ እግሩ ከጕልበቱ በታች በአሮጌው ቆዳ ውስጥ ቀረ። ደግማ ገፋች፤ አልወጣም። ከዚያ ጨርሳ ጸጥ አለች። ሳቁ ሁሉ ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ። የቈራጩ መርፌ በአየር ላይ ቆመች።

«ተይዛለች» አለች አክስት።

«እረፍት ላይ ናት እትዬ። ነግራናለች እኮ።»

«ይህ እረፍት አይደለም። ታየኛለች፤ እንደ ጠበበ እጅጌ ክርኑ ላይ ይዟታል። በወረንጦ ጫፍ፥ ከጫፉ ብቻ፥ እንዲህ ሳብ ቢያደርጉላት...»

ይህን ስትል እጇ ቃሏን ተከተለ። ልል ስፌት የሚሰፋው ሲስቡት እንዲፈታ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ይህን የምታውቀው ራሷ አክስት ናት፤ ያም ሆኖ ያሰረችበት ክር ልል መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አላሰበችውም። ክሩ ጠጥ፥ ጠጥ፥ ጠጥ እያለ ተለቀቀና ቀኝ እጇ ነጻ ወጣ። ወረንጦው በሽርጧ ኪስ ነበረ። እጁ ወረንጦውን አገኘ።

ሊይዛት የሚችል ክር ከዚያ ወዲያ አልነበረም። ልጅቱ አውቶቡስ ውስጥ ናት። ሸረሪቷ ሞታ ብትገኝ ብቻዋን ሞተች ሊባል ይችላል፤ እግሯ ወጥቶ ብትገኝም ብቻዋን አወጣችው ሊባል ይችላል። ከፋይ እጅ የሚያሳብቀውን ጠጕር ከሆዷ ልትበትን እንኳ በዚያች ሰዓት አልቻለችም። የአክስት እጅ ከወረንጦው ጋር በሣጥኑ ክዳን አጠገብ ቆመ፤ በጨርቅና በመርፌ የኖረ እጅ፥ ሲያርም ያረጀ እጅ። የምንወደውን ሁሉ እንዲህ ነው የምናጠፋው፤ ታገለ ብለን እንጨክንበታለን፥ ጭካኔያችንንም እርዳታ እንለዋለን።

አክስት ወረንጦውን ለቀቀችው፤ ቈራጩ መሬት ሳይደርስ በካባው ጫፍ ቀለበው። ከዚያ ዞራ ነጻ እጇን ወደ ዳኛዋ ዘረጋች።

«ያዙልኝ» አለች።

ዳኛዋ ከበርጩማዋ ላይ ሆና እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «በቍጥጥር ሥር ውሏል» አለች፥ ፍጹም በችሎት ድምፅ፥ ፍጹም በሹክሹክታ። «ዋስትና አይፈቀድለትም።»

እንዲህ ሆነው ቆዩ። ምን ያህል እንደ ቆዩ የቈጠረ የለም። ከውጪ የመኪና ድምፅ፥ የሻጭ ጩኸት፥ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ በስፌት ቤቱ ውስጥ ግን አራት ጎልማሶች ለአንዲት ሸረሪት ጕልበት ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ከዚያ፥ አንዳችም ምልክት ሳትሰጥ፥ ከፋይ እግሯን ሳብ አደረገች። እግሩ ወጣ። ሐር ክር ከመርፌ ዐይን እንደሚወጣ ያህል ለስልሶ ወጣ።

መጮኽ ክልክል ነው። መጨብጨብ፥ መዝለል፥ ወለል መርገጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ደስታው መንገድ አጥቶ እንደ እብደት ሆነ። ተኳሿ ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ አፏ ውስጥ ጐስጕሳ በካውያው ጠረጴዛ ሥር ተጠቀለለች። ቈራጩ በጀርባው ወለሉ ላይ ተንጋሎ እግሮቹን ወደ ላይ አነሣ፤ ሸረሪቷን ይምሰል ወይስ ሳቁ ያጋድመው አልታወቀም። ዳኛዋ ስፒሎቹ በየጎኗ እየወጓት፥ «ወይኔ፥ ወይኔ፥ ወይኔ» ትላለች፥ የአክስትን እጅ እንደ ደወል ገመድ ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቀች። አክስት ታለቅሳለች፤ ስትስቅም ይሁን ስታለቅስ ራሷም አታውቀውም፤ እንባዋን ልትጠርግ ብትፈልግም አንዱ እጇ ተሰፍቷል፥ ሌላው ታስሯል።

በሩ የተከፈተው በዚህ ሰዓት ነው። ልጅቱ ካፖርቷን እንደ ለበሰች፥ ቦርሳዋን እንደ ያዘች ቆመች። ዐይኗ በሬሳ መልክ ከተጋደመው ቈራጭ ወደ ጠረጴዛው ሥር፥ ከዚያ በርጩማ ላይ ወደ ቆመችው ባለ ካባ ሴት፥ ከዚያ ወደ አክስቷ ሄደ።

«ምን ሆናችሁ?»

«እሽሽ» አሉ አራቱም፤ ዳኛዋ ከሁሉ አብልጣ።

ልጅቱ በእግር ጣቷ ወደ ሣጥኑ ሄደች። በድሩ ላይ ሁለት ሸረሪቶች ነበሩ፤ አንደኛዋ ባዶ፥ ደብዛዛ፥ እስከ ጥፍሯ ድረስ ሙሉ የሆነ ልብስ፤ ሁለተኛዋ ገርጣ ያለች፥ እርጥብ፥ አዲስ፥ እግሮቿን አንድ ባንድ እያፍታታች የምትሞክር።

«መንታ ወልዳለች ብዬ ነበር» አለች ተኳሿ፥ ጨርቁን ከአፏ አውጥታ።

ልጅቱ ወደ አክስቷ ዞረችና ነጻ የሆነውን እጅ ከዳኛዋ ተረክባ አገላበጠችው። «ከነካሽ...» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ዐይኗ በሌላው እጅጌ ላይ ዐረፈ። እጅጌው ከሽርጡ ጋር ተሰፍቷል። በቀኙ በኩል ደግሞ የተበጠሰ ክር ተንጠልጥሏል። ጥቂት ቆማ ክሩን አየችው።

«ማን ሰፋሽ?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኋቸው።»

«ይሄስ? ሲበጠስ?»

«ሲበጠስ ደግሞ ለፍርድ ቤት አስረከብሁት።»

«እመሰክራለሁ» አለች ዳኛዋ።

ልጅቱ ከጠረጴዛው ላይ የስፌት መፍቻውን አንሥታ፥ ተንበርክካ፥ የግራውን እጅጌ ትፈታ ጀመር። መፍቻውን የያዘችው ገልብጣ ነበር፤ ስለቱ ወደ ክሩ ሳይሆን ወደ ጨርቁ ዞሯል። አክስት አየችው። ቈራጩ አክስት እንዳየችው አየ። ተኳሿ ዐይኗን ጨፈነች። ስለቱ ጨርቁን ያዘ፤ ሽርጡ የጣት ጥፍር ያህል ተቀደደ።

«ውይ» አለች ልጅቱ፥ ቀና ብላ። «ቀደድሁት።»

«አሮጌ ነው» አለች አክስት። «የተቀደደ ነገር አየር ያስገባል።»

ልጅቱ ካፖርቷን አውልቃ፥ ከበሩ አጠገብ በነበረው በድሮ ምስማሯ ላይ ሰቀለችው። አንዱ እጅጌ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። አክስት እጅጌውን አየች፤ ምስማሩን አየች፤ ዐይኗን ከእጅጌው አንሥታ በምስማሩ ላይ ተወችው።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፥» አለች ዳኛዋ ከበርጩማዋ ላይ፥ «የእኔ ነገርስ?»

አክስት ሄዳ የካባውን ጫፍ አየች። የተኳሿ ወገን እንደ ነገሩ ነው፤ የቈራጩ ወገን የሚነገር አይደለም። እጆቿ ነጻ ነበሩ፥ ሁለቱም። «ይታረም ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀች። ቈራጩ በኋላ እንደ መሰከረው፥ ሰው ጠይቃ ስታውቅ ያን ጊዜ መጀመሪያዋ ነው።

«ይታረም እንጂ! በዚህ ገብቼ ጠማማ ዳኛ ልታስብሉኝ ነው?»

«እንግዲያስ ልጄ ትሥራው» አለች አክስት።

ልጅቱ በመርፌዋ ክር አስገባች። መኪና ገና አይነሣም፤ ከፋይ ገላዋ እስኪጠነክር ድረስ በእጅ ነው። ከበርጩማው ሥር ተቀምጣ፥ የቈራጩን ስፌት ተርትራ፥ በረጃጅም ጥልፍልፍ፥ በፋብሪካ ልማድ ትሰፋው ጀመር። አክስት አግዳሚ ወንበሩን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለት እጆቿንም መዳፋቸውን ወደ ታች አድርጋ ከጭኖቿ ሥር አስገባች፥ ከነሙሉ ክብደቷም ተቀመጠችባቸው።

ልጅቱ ጥቂት ሰፍታ ቀና አለች። «አክስቴ፥ እስከ መቼ ነው እጅሽ ላይ የምትቀመጪው?»

«እስክትጨርሺ።»

«ይህ እኮ ብዙ ይፈጃል።»

«ዐውቃለሁ፤» አለች አክስት፥ በወንበሩ ላይ ይበልጥ እየተደላደለች። «ሙቅ ነው፤ ተመችቶኛል።»